መኪናዋ ምን አለች?

የእህቴ ልጅ የመኪና ውድድር ጌም ይጫወታል። ይጫወታል ለማለት እንኳ ይከብደኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ መኪናዋ ቆማ ነው የማያት። ጠረጴዛው ላይ መሪ ተክሏል፣ እግሩ ስር ፔዳል ዘርግቷል፣ ስክሪኑ ላይ ግን ያለው ቁጥር ብቻ ነው። የፊት ሞላ ይህን ያህል፣ የኋላ ክንፍ ይህን ያህል፣ የግራ ጎማ ንፋስ ይህን ያህል። አንዷን ቁጥር ትንሽ ዝቅ ያደርጋል፣ ሦስት ዙር ይነዳል፣ ይመለሳል፣ ግንባሩን ይቋጥራል፣ ቁጥሯን ወደነበረችበት ይመልሳታል። አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ሙሉ ይህንኑ ሲያደርግ አይቼው "አንተ ልጅ፣ መቼ ነው የምትጫወተው?" አልኩት። "እየተጫወትኩ እኮ ነው ጋሼ" አለኝ፣ ዓይኑን ከቁጥሩ ሳይነቅል።

ነገሩን እንድከታተል ያደረገችኝ ይህች መልስ ናት። የልጅ ጨዋታ ብለን የምንንቀው ነገር ውስጥ ያ ሁሉ ቁጥር ምን ይሠራል? ማንስ አስገባው? እነዚህ ልጆች "ሴትአፕ" የሚሉት ገጽ ታሪክ አለው፤ ታሪኩም ከኮምፒዩተር በፊት ይጀምራል። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ።)

መኪና ይዞ ጋራዥ የሄደ ሰው የክርክሩን ሥር ያውቀዋል። ባለመኪናው "ፍጥነት ስጨምር ትዋልላለች" ይላል። መካኒኩ ዞር ዞር ብሎ ያያትና "ምንም የለባትም" ይላል። አንዱ የሚሰማውን መለካት አይችልም፣ ሌላው የሚለካው ነገር አይሰማውም። በከተማ መንገድ ላይ ክርክሩ በትንሽ ብርና በብዙ ንጭንጭ ይዘጋል። በውድድር ሜዳ ግን የሰው ሕይወት የተከፈለበት ክርክር ነው።

ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከጎማ ነው። መኪና የቱንም ያህል ትግዘፍ፣ መሬት የምትነካው በአራት ቦታ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱም ቦታ የሰው መዳፍ ቢያክል ነው። ያ ገጽ ሙሉ ቁጥር የእነዚህ አራት መዳፎች ጉዳይ ነው። መኪናዋ ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ክብደቷ ወደ ግራ ይሄዳል፣ የግራ ጎማዎች ይሸከማሉ፣ የቀኞቹ ይቀላቸዋል። ጎማ ደግሞ ጸባይ አለው፤ ሸክሙ እጥፍ ሲሆን መሬት የመያዝ አቅሙ እጥፍ አይሆንም። አንዱን በሬ የሁለት በሬ ሥራ ብታዙት የሁለት በሬ እርሻ አያርስላችሁም፣ እንደዚያው ነው። ስለዚህ የፊቱን ሞላ ብታጠነክሩት የፊቱ የውጪ ጎማ የበለጠ ይሸከማል፣ ቶሎም ይዝላል። መሪውን ታዞራላችሁ፣ መኪናዋ ግን "እኔ ቀጥ ብዬ ነው የምሄደው" ትላለች። የኋላውን ብታጠነክሩት ደግሞ ኋላዋ ቀድሟችሁ ሊያልፍ ይመጣል።

የቀረውም እንዲሁ ነው። ክንፉን ብታቆሙት አየሩ መኪናዋን ወደ መሬት ይጫናትና ኩርባ ላይ ትጸናለች፣ ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ግን ያው አየር ወደ ኋላ ይጎትታታል። ጎማውን ጫፉ ወደ ውስጥ ዘመም እንዲል ብታደርጉት ኩርባ ላይ ሙሉ መዳፉን ይዘረጋል፣ ፍሬን ስትይዙ ግን በውስጠኛው ጠርዙ ብቻ ይቆማል። በአንዱ በኩል የሰጣችሁትን በሌላው ይወስድባችኋል። አንድ ሲሙሌተር እውነተኛ ነው ወይስ አይደለም ለማለት እኔ የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ገጽ ውስጥ በነፃ የሚገኝ ነገር አለ ወይ? ካለ፣ ያ ቦታ ውሸት ነው።

(ለአዲስ አበባ ሰው የምትሆን አንዲት ነገር ላንሳ። ሜክሲኮ ሲቲ ልክ እንደኛው ከተማ ከባሕር በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት። የፎርሙላ ዋን ቡድኖች እዚያ ሲወዳደሩ እንደ ሞናኮ ላለ ጠመዝማዛ መንገድ የሚሆነውን ትልቁን ክንፍ ይገጥማሉ፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ግን የሚያገኙት ጫና በሞንዛ ትንሹ ክንፍ የሚያገኙትን ያህል ነው። ዳገት ስንወጣ ቁና ቁና የምንተነፍሰው እኛ ብቻ አይደለንም ማለት ነው።)

ይህ ሁሉ ኮምፒዩተር ውስጥ ከመግባቱ በፊት በመጀመሪያ መለካት ነበረበት። ከጀማሪዎቹ አንዱ ሞሪስ ኦሊ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ከሮልስ ሮይስ ወጥቶ በ1930 አሜሪካ ወደ ካዲላክ ሄደ። እዚያም አንድ ረጅም ሊሞዚን አስመጣና ፊትና ኋላው ላይ የሚቀያየር ከባድ ክብደት አሰቀለበት። ክብደቱን ያዛውራሉ፣ ይነዳሉ፣ ከዚያ "አሁንስ እንዴት ነው?" ብለው እርስ በርስ ይጠያየቃሉ። የሰውን ምቾት የሚለካ መሣሪያ ስላልነበረ መሣሪያዎቹ ራሳቸው ነበሩ። በእኔ ግምት የዓለም የመጀመሪያው የሴትአፕ ገጽ ያ ሊሞዚን ነው፤ ልዩነቱ ቁጥሩን ለመቀየር ጡንቻ ማስፈለጉ ነው።

ሁለተኛው ሰው ዊልያም ሚሊከን ይባላል፤ ይህን ሰው ወድጄዋለሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቦይንግ ውስጥ አውሮፕላን ሲያስፈትሽ የነበረ መሐንዲስ ነው። በ1948 ኒውዮርክ ግዛት ዋትኪንስ ግሌን በምትባል ትንሽ ከተማ የመኪና ውድድር ሲጀመር ቡጋቲውን ይዞ ገባ፣ አንድ ኩርባ ላይም ተገለበጠ። ኩርባው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ሌላ ሰው ቢሆን መኪናውን ሸጦ ይገላገል ነበር። ሚሊከን ግን ቡፋሎ በሚገኘው የኮርኔል አቪዬሽን ላቦራቶሪ ውስጥ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ መኪና ለምን እንደምትገለበጥና ለምን እንደምትዞር በአውሮፕላን ሂሳብ ሊያሰላ ተቀመጠ። ጎማን ለብቻው እየጫኑ፣ እያዘነበሉ፣ እየጎተቱ ለኩት። ውጤቱን በ1956 ለንደን ላይ ለእንግሊዝ የሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር አቀረቡ። ሰውየው 101 ዓመት ኖሮ በ2012 አረፈ፤ መገልበጥ ዕድሜ ያስረዝማል እንዳትሉኝ ብቻ።

የተለካውን ሁሉ ወደ አንድ ቀመር የሰበሰበው ደግሞ የሆላንዱ የዴልፍት ዩኒቨርሲቲ ሰው ሃንስ ፓሴይካ ነው። በ1987 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ያወጣው ቀመር "አስማተኛው ቀመር" ተባለ። አስማት የተባለበት ምክንያት ይገርማል። ቀመሩ ጎማው ውስጥ ምን እንደሚካሄድ አይነግራችሁም፣ የጎማውን ሁኔታ ግን አሳምሮ ይመስላል። ልክ ሙያውን ማስረዳት የማይችል፣ እጁ ግን የማይስት የድሮ መካኒክ ማለት ነው። ብዙዎቹ የዛሬ ሲሙሌተሮች ወይ በዚህ ቀመር ወይ በልጅ ልጆቹ ይነዳሉ።

ኮምፒዩተሩ ግን ቀመሩን አልጠበቀም። በ1984 ጄፍ ክራሞንድ የሚባል ፊዚክስ የተማረ እንግሊዛዊ "ሬቭስ" የተባለውን ጨዋታ ቢቢሲ ማይክሮ በሚባለው ኮምፒዩተር ላይ ሠራ። የማሽኑ ማስታወሻ 32 ኪሎባይት ነበር፤ ዛሬ በስልካችሁ የምታነሷት አንዲት ፎቶ አትገባበትም። ክራሞንድ በዚያች ጠባብ ቤት የሲልቨርስቶንን ትራክ ከነዳገቱ አስገባ፣ የዓለም ሻምፒዮኑን የጄምስ ሀንትን ወንድም፣ እርሱም ተወዳዳሪ የነበረውን ዴቪድ ሀንትን አማከረ፣ ለተጫዋቹም የፊትና የኋላ ክንፍ ማስተካከያ ሰጠው። ሁለት ቁጥር ብቻ። ግን በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያ የድሮ ድርድር አለ።

በ1989 ደግሞ አሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ ዴቪድ ኬመርና ኦማር ኩዳሪ የመሠረቱት ፓፒረስ የተባለ ድርጅት የኢንዲያናፖሊስ 500ን ውድድር በኮምፒዩተር አወጣ። ኢንዲያናፖሊስ ላይ የሚታጠፈው ወደ ግራ ብቻ ነው። ስለዚህ መካኒኮቹ የቀኙን ጎማ ከግራው በጥቂቱ ተለቅ ያለ ያደርጉታል። ሁለት እኩል ያልሆኑ ጎማዎች በአንድ ዘንግ ሲሽከረከሩ መኪናዋ በራሷ ወደ ግራ ትሄዳለች። ፓፒረሶች ይህችን የጋራዥ ብልሃት ሳይቀር አስገቧት። እስኪ አስቡት፤ ከዚያ በፊት በአብዛኛው ጌም ውስጥ የነበረው ምርጫ ቀይ መኪና ወይስ ሰማያዊ መኪና የሚል ነበር።

ከዚያ 1998 መጣና "ግራንድ ፕሪ ሌጀንድስ" ወጣ። እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልሂድ።

ኬመርና ጓደኞቹ የመረጡት የ1967ን የፎርሙላ ዋን ዘመን ነው። መኪኖቹ ክንፍ የላቸውም፣ ክንፍ የመጣው በ1968 ነው። ጎማቸው ጠባብ፣ ሞተራቸው ጉልበተኛ፣ ቀበቶ የሚያስር ሾፌር ብርቅ፣ ከመንገዱ ዳር ያለው ዛፍና የቴሌፎን እንጨት። የጀርመኑ ኑርበርግሪንግ አንድ ዙሩ 22.8 ኪሎ ሜትር ነበር። በዚያው ዓመት ሎሬንዞ ባንዲኒ ሞናኮ ላይ መኪናው ተቃጥሎበት ከሦስት ቀን በኋላ ሞተ። ጨዋታውን የገዛ ሰው ቤቱ ገብቶ ነዳጁን ሲረግጠው መኪናዋ እዚያው ተሽከረከረች። ደግሞ ሞከረ፣ ደግሞ ተሽከረከረች። ብዙ ሰው ተበላሽቷል ብሎ ተወው፤ በገበያም አልቀናውም። የቀሩት ጥቂቶች ግን የሴትአፕ ገጹን ከፈቱ። ሞላ፣ ሾክ አብዞርበር፣ ዲፈረንሻል፣ የማርሽ ጥርስ ስሌት፣ የፍሬን ክፍፍል፣ የጎማ ንፋስ። እያንዳንዱ ጎማ ደግሞ ሦስት የሙቀት ቁጥር ነበረው፤ የውስጥ፣ የመሐልና የውጪ። መሐሉ ከሁለቱ ዳር ከበለጠ ንፋሱ በዝቷል፣ ውስጡ በጣም ከጋለ ጎማው ከልክ በላይ ዘመም ብሏል ማለት ነው። መኪናዋ መናገር ጀመረች። ያ የጋራዥ ክርክር ዳኛ ያገኘው ያኔ ነው ባይ ነኝ። ሾፌሩም መካኒኩም አንድ ሰው ሆኑ፣ ማመካኛም ጠፋ።

የሚገርመው፣ በእውነተኛው 1967 የሎተስ ቡድን ውስጥ ሁለቱ የሾፌር ዓይነቶች ጎን ለጎን ነበሩ። ግራሃም ሂል ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ እያንዳንዱን ለውጥ የሚጽፍ፣ ሞላ አስቀይሮ ደግሞ የሚያስቀይር፣ መካኒኮቹን እንቅልፍ የሚነሳ ሰው ነበር። ጂም ክላርክ ደግሞ የሰጡትን መኪና ተቀብሎ ከጉድለቷ ጋር ተስማምቶ የሚነዳ። መኪናዋ ብትዋልል እጁ ያርማታል፤ ችግሯ ምን እንደሆነ ሲጠየቅ ግን መሐንዲሶቹን ብዙ አይረዳም ነበር። አዲሱን ሎተስ 49 ሲፈትሽ የከረመው ሂል ነው። ሰኔ 1967 ዛንድቮርት ላይ መኪናዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትወዳደር ሂል ከፊት ተነሳ፣ መራ፣ ሞተሩ ተበላሸበት። ክላርክ እዚያ ሳምንት መጨረሻ ላይ ገና መጀመሪያ የነካትን መኪና ይዞ ከስምንተኛ ቦታ ተነስቶ አሸነፈ።

ታዲያ ሴትአፕ ምን ዋጋ አለው? ትሉ ይሆናል። ዋጋ ያለውማ እንደ ክላርክ ላልተፈጠርነው ነው። በሚያዝያ 1968 ክላርክ ሆክንሃይም ላይ ሞተ፤ የተሰበረውን ቡድን ተሸክሞ የዚያን ዓመት ሻምፒዮን የሆነው ባለደብተሩ ሂል ነው።

ወደ ጨዋታው ልመለስ። ተጫዋቾቹ ብዙም ሳይቆዩ አንድ ነገር ደረሱበት። መኪናዋን ገጹ እስከፈቀደው ድረስ ወደ መሬት ዝቅ ማድረግ ያዋጣል። ዝቅ ያለች መኪና ኩርባ ላይ አታዘነብልም። በ1967 እንዲህ ዝቅ ያለች መኪና ይዞ ኑርበርግሪንግ ጉብታዎች ላይ የሚገባ ሾፌር ሆዷን ፈግፍጎ ይጨርሳት ነበር፤ ፕሮግራሙ ግን ያንን ዋጋ በደንብ አላስከፈለም። ነፃ ነገር ተገኘ ማለት ነው። ሰዓታቸው አማረ፣ መኪናቸው ግን የ1967 መኪና መሆኗ ቀረ። አንዳንዱ "ፕሮግራሙ ከፈቀደ ምን ቸገረኝ" አለ፣ አንዳንዱ ደግሞ "ግራሃም ሂል የማያደርገውን አላደርግም" ብሎ መኪናውን እንደ ዘመኗ ከፍ አድርጎ እየተቀደመ ነዳ። የኋለኞቹን ሞኝ ነው የምትሏቸው? እኔ አልልም። የሚጫወቱት ሌላ ጨዋታ ነው።

ፓፒረስ በ2004 ተዘጋ። ኬመር በዚያው ዓመት ከአንድ ሀብታም ጋር ሆኖ ዛሬ አይሬሲንግ የሚባለውን ጀመረ፤ ሲሙሌተሩ በ2008 ለሕዝብ ተከፈተ። ሀብታሙ ጆን ሄንሪ ነው። አዎ፣ በ2010 ሊቨርፑልን የገዛው ጆን ሄንሪ! ተጫዋች አልገዛም ብሎ እኛ ሰፈር ድረስ የሚረገመው ሰውዬ ለጎማ ቀመር ገንዘብ አውጥቷል። ትራኮቹን በሌዘር እየለኩ ስንጥቃቸውን ሳይቀር አስገቡ። እዚያ ውድድሮቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ሴትአፕ ይዞ የሚነዳባቸውና እያንዳንዱ የራሱን የሚያበጅባቸው። ሴትአፕ አብጅቶ የሚሸጥ ነጋዴም ተፈጥሯል። የእህቴ ልጅ አንድ ጊዜ ገዝቶ ነበር። ያበጀው ሰው ኋላዋ የምትዋልል መኪና የሚወድ ኖሮ፣ የእኛው ልጅ በየኩርባው ሲሽከረከር ዋለ። የሰው መነጽር በሰው ዓይን ልክ ነው።

ከስክሪኑ የተማረ ሰው መንገድ ላይ ይሠራል ወይ ለሚለው፣ ኒሳን ከፕሌይስቴሽኑ ግራን ቱሪስሞ ጋር ሆኖ ከ2008 እስከ 2016 ተጫዋቾችን እየመረጠ እውነተኛ መኪና ላይ ያስቀምጥ ነበር። የመጀመሪያው አሸናፊ ስፔናዊው ሉካስ ኦርዶኔዝ በ2011 ለ ማን ላይ በምድቡ ሁለተኛ ከወጣው ቡድን ሾፌሮች አንዱ ነበር። ስለዚህ ይሠራል። ግን በ2011 የተመረጠው እንግሊዛዊው ያን ማርደንቦሮ በመጋቢት 2015 ኑርበርግሪንግ ላይ ጉብታ ሲያልፍ የመኪናው አፍንጫ ተነሳ፣ አየሩ ከስር ገባና አንስቶ ከአጥሩ ወዲያ ወረወረው። አንድ ተመልካች ሞተ። ጥፋተኛ ነው የሚለው የለም። ከዚያ በኋላ አዘጋጆቹ እዚያ ቦታ ፍጥነት ገደቡ፣ ጉብታውንም አስተካከሉት። በሲሙሌተር ውስጥ አንዲት ቁልፍ ተጭኖ እንደገና መጀመር ይቻላል።

ትልልቆቹ ቡድኖችም ወደዚያው ገጽ መጥተዋል። ፎርሙላ ዋን በ2009 በውድድር ወቅት መካከል የሚደረገውን ልምምድ ስለከለከለ መኪና የሚስተካከለው ፋብሪካ ውስጥ በሲሙሌተር ሆነ። በግንቦት 2024 ኢሞላ ላይ ሬድ ቡል ዓርብ ዕለት መኪናው እምቢ አለው። ሌሊቱን ሴባስቲያን ቡኤሚ እንግሊዝ ሚልተን ኪንስ በሚገኘው የቡድኑ ሲሙሌተር ውስጥ ተቀምጦ ቁጥር ሲቀያይር አደረ። ቬርስታፐን ቅዳሜ ከሁሉም ቀደመ፣ እሑድ አሸነፈ። ያው ቬርስታፐን በዚያው ሳምንት መጨረሻ፣ በእረፍቱ፣ በአይሬሲንግ የኑርበርግሪንግ 24 ሰዓት ውድድር ውስጥ ተራውን ይነዳ ነበር፤ እሑድ ዕለት ያም ቡድኑ አሸነፈ። እህቴ ይህን ስነግራት ለልጇ እንዳልነግርባት ለመነችኝ።

መኪናን ዝቅ የማድረጉ ፈተና ግን እዚያ ትልቁ ሰፈርም አለ። በ1994 ሴና እና ራትዘንበርገር ኢሞላ ላይ ከሞቱ በኋላ በእያንዳንዱ መኪና ሆድ ስር 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ እንዲለጠፍ ተወሰነ። ከ9 ሚሊ ሜትር በታች ሆኖ የተገኘ ይሰረዛል። መኪናህን እጅግ ዝቅ ካደረግክ መንገዱ ጣውላውን ይፍቀዋል፣ ጣውላው ይመሰክርብሃል። ሹማኸር በዚያው ዓመት ቤልጂየም ላይ አሸንፎ በዚህች ጣውላ ተሰረዘ።

በጥቅምት 2023 ኦስቲን፣ ቴክሳስ ላይ ልምምድ የተፈቀደው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሴትአፕ መንካት ክልክል ነው። ቡድኖቹ ፋብሪካቸው ውስጥ ያሰሉትን ቁጥር ይዘው መጡ፤ የኦስቲን መንገድ ደግሞ ጎርበጥባጣ ነው። ከውድድሩ በኋላ የአራት መኪና ጣውላ ተለካ። የቬርስታፐንና የኖሪስ ልክ ነበር። ሁለተኛ የወጣው የሃሚልተንና ስድስተኛ የወጣው የሌክሌር ከሚገባው በላይ ተፍቆ ተገኘና ሁለቱም ተሰረዙ። አሥራ ሁለተኛ የወጣው አሜሪካዊው ሎገን ሳርጀንት በገዛ አገሩ ወደ አሥረኛ ከፍ አለ፤ ከ1993 ወዲህ ለአሜሪካዊ ሾፌር የመጀመሪያዋ የሆነችውን አንዲት ነጥብ ያገኘው ውድድሩ ካለቀ ከሰዓታት በኋላ ነው።